ለማማረር የተቀጠረች

እትዬ ሠላሳ ሰባት ይሏቸዋል። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ ግን ከመታወቂያቸው በስተቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ይህኛውን ያወጣላቸው የጫማ ቁጥር ነው። ዛሬ እግራቸው ሰፋ ብሎ ሠላሳ ዘጠኝ እንኳ በግድ ነው የሚገባላቸው፤ ስማቸው ግን እዚያው ሠላሳ ሰባት ላይ ቀርቷል። «እግር ይሰፋል፣ ስም አይሰፋም» ይላሉ ራሳቸው እየሳቁ።

ነገሩ የሆነው ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ነው። ያኔ አንቱ የሚላቸው ሰው ስላልነበረ እኔም አንቱታውን ለጊዜው ላስቀምጠውና «ልጅቷ» እያልኩ ልቀጥል።

ልጅቷ ትምህርቷን የጨረሰችው እንደ ነገሩ ነበር። ጎበዝም አልነበረች፣ ሰነፍም አልነበረች፤ አስተማሪዎቿ ስሟን የሚያነሱት ቀሪ ሲቆጥሩ ብቻ ነበር። አባቷ ገና በልጅነቷ ሞቷል። ታላቅ እህቷ አግብታ ወጥታለች። እናቷ የአንድ ትምህርት ቤት ወለል ተንበርክካ ትወለውላለች፤ አሥራ አራት ክፍል፣ ሁለት ኮሪደር፣ አንድ ረጅም ደረጃ። ወደ ቤት ስትገባ ጫማዋን የምታወልቀው ግድግዳ ይዛ ነበር። «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ «ምን አመመኝ ብለሽ ነው? ደህና ነኝ።» በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ሕግ የሚሠራ ተረት ቢኖር «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ነበር። ብርዱም፣ የቤት አከራዩ ቁጣም፣ የጉልበት ቁርጥማቱም በዝምታ ነበር የሚታለፉት።

ልጅቷ ሥራ ፍለጋ የወጣችው እናቷን ከዚያ ወለል ላይ ለማንሳት ነው። ሌላ ሕልም አልነበራትም። ሕልም ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ የእናቷ ጉልበት በየወሩ እየባሰበት ነበር።

ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የማያውቅ ሰው የበርን ዓይነት አያውቅም። የሚገፋ በር አለ፣ የሚሳብ በር አለ፣ ዘበኛው ካልፈቀደ የማይገፋም የማይሳብም በር አለ። ልጅቷ ሁሉንም አየቻቸው። ከበሩ ኋላ የሚጠብቃት ጥያቄ ግን አንድ ዓይነት ነበር።

«የሥራ ልምድ አለሽ?»

«የለኝም። ከቀጠራችሁኝ ግን ይኖረኛል።»

«እንግዲያው ልምድ ስታገኚ ተመለሺ።»

ልምድ ሱቅ የሚሸጥ ይመስል! አንዱ ቢሮ ውስጥ መነጽራም ሰውዬ «ምን ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ብዙ አሰበች። «ማንበብና መጻፍ» አለች። ሰውዬው ዙሪያውን ወደተደረደሩት ጠረጴዛዎች አየና «እሱንማ እኛም አላቃተንም» አላት። ይህንን ዛሬ ሲያወሩት እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ፤ ያን ቀን ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ነበር ያለቀሰችው።

ያደረገችው ጫማ እህቷ ትታላት የሄደችው ነው። ሁለት ቁጥር ስለሚበልጣት ጫፉ ላይ ጋዜጣ ትጠቀጥቅበታለች። ጋዜጣውን የምትገዛው ለሥራ ማስታወቂያው ነበር፤ ማስታወቂያውን ቆርጣ ካወጣች በኋላ የተረፈው ለጫማው ይሆናል። ከልጅነቷ ጀምሮ የእህቷን ጫማ እየወረሰች ስላደገች እግሯ ልኩ የሆነ ጫማ ገብቶበት አያውቅም። ይህ ጉድለት ነው ብላ ታፍርበት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከአርባ ምናምነኛው በር ስትመለስ፣ ጠባብ መንገድ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ሰማች። በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ የጫማ መሥሪያ ቤት ነበር። ቆዳና ማስቲሽ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫቸው ላይ ሲደርስ እትዬ ሠላሳ ሰባት መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ውስጥ ስድስት ሰው ይሠራል፤ ግድግዳው ሙሉ ፎርማ በሚሉት የእንጨት እግር ተሸፍኗል። ጫማው የሚሰፋው በዚያ እንጨት ላይ ተወጥሮ ነው። መሐል ላይ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሠራተኞቹ ከኋላቸው «ጋሼ ወስፌ» ይሏቸዋል፤ ንግግራቸው እንደሚወጋ በኋላ ነው የገባት።

«ጋሼ፣ ሥራ ይኖራል?»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። ዓይናቸው እግሯ ላይ ነበር። «ጫማሽን አውልቂ» አሏት።

ልጅቷ ደነገጠች። «እ?»

«ጫማሽን! ዲፕሎማሽን አላልኩሽም።»

አወለቀች። የተጠቀጠቀው ጋዜጣ ወለሉ ላይ ዱብ ሲል ሠራተኞቹ ሳቁ። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ሽማግሌው ግን መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው እግሯን እንደ ውድ ዕቃ ከግራም ከቀኝም አዩት። በሜትር ለኩት። ደግመው ለኩት።

«ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ ጥንቅቅ ያለ!» አሉ ወደ ሠራተኞቻቸው ዞረው። «ጣቶቹን እዩልኝ፣ አንዱ በሌላው ላይ አልወጣም። ይቺ እግር ተጨንቃ አታውቅም።»

በዕድሜዋ ሙሉ ያልተጨነቀ ነገር እግሯ ብቻ እንደሆነ ያን ዕለት አወቀች።

ሥራው ሞካሪነት ነበር። አዲስ ዓይነት ጫማ ሊወጣ ሲል መጀመሪያ በሠላሳ ሰባት ቁጥር አንድ ጥንድ ይሰፋል። ሞካሪዋ እሱን ታደርግና ግማሽ ቀን ሙሉ ሲሚንቶው ላይ፣ ጣውላው ላይ፣ ደረጃው ላይ ትመላለሳለች። በመጨረሻ ጋሼ ይጠይቋታል፤ እሷ ይሁን ካለች የሌላው ቁጥር ሁሉ በዚያ ልክ ይወጣል። የቀድሞዋ ሞካሪ አርግዛ እግሯ ስላበጠ ቦታው ክፍት ነበር። ጫማ ባልተሞከረበት ቀን መጥረግና ክር መልቀም የእሷ ድርሻ ነው። «አንድ ወር አይሻለሁ» አሏት ጋሼ። «ከበጀሽኝ ቋሚ ትሆኛለሽ።»

ወደ ቤቷ የሄደችው እየሮጠች ነው። እናቷ ወሬውን ስትሰማ «መራመድ ሥራ ሆነ?» ብላ ተገረመች። «ሆነ እማዬ! ቋሚ ካደረጉኝ አንቺ ወለል መወልወል ትተዪያለሽ።» እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሻሿን አስተካከለች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደ ሰርግ አለፉ። ጋሼ «ተረከዝሽን?» ይላሉ፤ «ይመቻል።» «ጣትሽን?» «ይመቻል ጋሼ።» እውነትም ይመች ነበር፤ ሰውዬው እጃቸው የተባረከ ነው። ስሟን ለመያዝ የታከተው ቆዳ ቆራጩ «ሠላሳ ሰባት» ብሎ ጠራት፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ ሆስፒታል ትእዛዝ መጣ። ለነርሶች ነጭ ጫማ፣ ስልሳ ጥንድ። ጋሼ ለዚህ አዲስ ፎርማ እጠርባለሁ ብለው ተነሡ። ሦስት ቀን ሙሉ ምሳቸውን እንኳ ሳይበሉ ጠረቡት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ዓይናቸውም እንደ ድሮው አልነበረም። ልጅቷ እንጨቱን በጉንጫቸው እየዳበሱ ልስላሴውን ሲፈትሹ ታያቸው ነበር።

ጫማው ተሰፍቶ አደረገችው። ገና በመጀመሪያው እርምጃ ትንሿ የእግር ጣቷ ተቃጠለች። ተረከዟን ከኋላ አንድ ነገር ቧጠጣት። ተመላለሰች። ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች። ሕመሙ ባሰ። ጋሼ ሥራቸውን አቁመው እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ያዩዋታል።

«እህ፣ እንዴት ነው?»

ልትናገር አፏን ከፈተች። የሦስት ቀን ድካማቸው፣ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው፣ ያልተበላው ምሳ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ይሉኝታ ያዛት። ሥራ የሰጧትን ሰውዬ፣ አባቷ የሚሆኑትን ሰው፣ በምን አፏ!

«እንደ ጥጥ ነው ጋሼ» አለች።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ስልሳው ጥንድ ተሰፋ።

በስምንተኛው ቀን ስልሳውም ተመለሰ። ጋሪ ላይ ተጭኖ ነበር የመጣው፤ ከላዩ የነርሶቹ አለቃ ደብዳቤ አለ። ነርሶቹ እግራቸው ውኃ ቋጥሮ በነጠላ ጫማ ሥራ እየገቡ መሆኑን ይናገራል። ጋሼ ደብዳቤውን አነበቡና አጠፉት። መዶሻው ሁሉ ጸጥ አለ።

«ቁጭ በይ» አሏት። «ያን ቀን አሞሻል ወይስ አላመመሽም?»

«አሞኝ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያዋ እርምጃ።»

«ታዲያ ምን አፍሽን ዘጋው?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሲለፉበት አይቼ… እንዴት ብዬ ጋሼ…» ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ እንባዋ ቀደማት።

ጋሼ ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በዝግታ፣ በማይወጋ ድምፅ ተናገሩ። «ስሚ ልጄ። አንቺን የቀጠርኩሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም። የሚያመሰግነኝ ሞልቷል። የቀጠርኩሽ እንድታማርሪኝ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«ለማማረርማ የኔን ሚስት ቢቀጥሯት በነፃ ትሠራልዎት ነበር» አለ ቆዳ ቆራጩ። ማንም አልሳቀም።

ጋሼ አንድ ቁራጭ ጠመኔ አንሥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ጫማዎቹን ይዘሽ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። እያንዳንዷ ነርስ የት ጋ እንዳመማት ጫማው ላይ ምልክት ታደርጊልኛለሽ። ምልክቱን እስከ ዓርብ ካላመጣሽ ሌላ እግር እፈልጋለሁ።»

ልጅቷ በጋሪው ጎን ስትሄድ የምታስበው ጠመኔውን ሳይሆን ደረጃውን ነበር፤ እናቷ በዚያ ሰዓት ከላይ ወደ ታች እየተንበረከከች የምትወለውለውን የትምህርት ቤት ደረጃ።

ሆስፒታሉ የነርሶች ማረፊያ ክፍል ውስጥ በርጩማ ሰጧት። ነርሶቹ ከሥራ ሲወጡ አንድ በአንድ እየመጡ ነጩን ጫማ ያደርጋሉ፣ እሷም ትጠይቃለች። በደብዳቤ እሳት የተፉት ሴቶች ፊቷን ሲያዩ ማር ሆኑ!

«የት ጋ ነው ያመመሽ ሲስተር?»

«ኧረ ምንም አይልም እህቴ። እናንተም ለፍታችኋል።»

ሁለተኛዋ «አሁን እየለመድኩት ነው» አለች። ሦስተኛዋ «አዲስ ጫማ መቼም እንደዚህ ነው» ብላ ይባስ አጽናናቻት። አራተኛዋ እያነከሰች ገብታ እያነከሰች «በጣም ይመቻል» ብላት ወጣች። ልጅቷ ጠመኔውን ይዛ ቀረች። ገና አሁን ነበር ጋሼ ምን እንደቻሏት የገባት። ይሉኝታ የእሷ ብቻ መስሏት ነበር፤ ለካ የአገሩ ሁሉ ነው።

ቀጥሎ የመጣችው ፀጉሯ የሸበተ ነርስ ነበረች። እሷም «ደህና ነው» አለች። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ጫማውን ልታወልቅላት እግሯን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አውራ ጣቷ ሳታስበው ትንሿን ጣት በቆዳው ላይ ጫን አደረገቻት። ቀና ስትል የነርሷ ቅንድብ ሽቅብ ዘለለ። አፏ ግን አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው።

ልጅቷ ቦታው ላይ በጠመኔ መስመር ሳበች። ነርሷ ከት ብላ ሳቀች።

«አገኘሽው! እኔ ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ያየሁት እንደዚሁ ነው። አፉን አልጠይቅም፤ ተጭኜ ፊቱን አያለሁ።»

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጥያቄውን ተወችው። ያለፉትንም መልሳ አስጠራቻቸው። እግር እየተቀበለች ጭኗ ላይ ታደርጋለች፣ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ዓይኗ ከቅንድብ አይነቀልም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልሳው ጫማ ሁሉ ምልክት ነበረው፤ ጥቂት ሲቀር ሁሉም ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ ትንሿ ጣት ጋና የተረከዙ ጀርባ። እጇ በጠመኔ ነጭቶ፣ ጀርባዋ ደክሞ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የምችለው ነገር አለ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ ቀድማት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «እንዴት ዋልሽ እማዬ?» «ደህና ነኝ።» ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና የእናቷን እግር አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ምን ሆነሻል ዛሬ? ተይ እንጂ!»

አልተወችም። ቁርጭምጭሚቷን ተጫነች። ጉልበቷን ተጫነች። የእናቷ አፍ «ምንም የለም» ይላል፤ ቅንድቧ ግን ሌላ ነገር ያወራል፣ ያውም የስንት ዓመት። ልጅቷ ሃያ ዓመት አብራት ኖራ ያንን ፊት አንድም ቀን እንዳላነበበችው ሲገባት ግንባሯን እዚያው ጉልበት ላይ ደፍታ አለቀሰች። እናቷ ፀጉሯን እየዳበሰች «ዝም በይ፣ ዝም አይነቅዝም» አለቻት።

«ይነቅዛል እማዬ» አለች ልጅቷ። «ስልሳ ጥንድ ነቅዞ አይቻለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ያን ሦስት ቀን የጠረቡትን ፎርማ አወረዱና ትንሿ ጣት በምታርፍበት ቦታ ላይ ስስ ቁራጭ ቆዳ በማስቲሽ ለጠፉበት፤ ጫማው እዚያ ጋ እንዲሰፋ ነው። ተረከዙን ሞረዱት፤ የሌላውንም ቁጥር ፎርማ እንዲሁ አደረጉ። ጫማዎቹ እየራሱ እንደገና ተወጠሩ። ሆስፒታል ሄደው ተመልሰው አልመጡም። ጋሼም ልጅቷን ጠርተው «ቋሚ ነሽ» አሏት፤ በዚያው ትንፋሽ «ወለሉ አልተጠረገም» ብለው ጨመሩበት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቷን ይዛ መጣች። ጋሼ ለክተው፣ በእናቷ እግር ልክ ፎርማ ጠርበው፣ ለስላሳ ቡናማ ጫማ ሰፉላት። እናቷ በሳምንቱ መጥታ አደረገችው፤ በዕድሜዋ በልኳ የተሰፋ ጫማ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተራመደች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ይመቻል» አለች፣ አጎንብሳ።

ጋሼ እናትየውን ተዉና ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ሞካሪዋ ምን ትላለች?»

ልጅቷ ተንበረከከች። አውራ ጣቷን አሳረፈች። ቀና ብላ እያየች ጠበቀች። እናቷ ወደ ጋሼ አየች፣ ወደ በሩ አየች፣ መዶሻውን አንሥቶ ወደ ቆመው ቆራጭ አየች። ከዚያ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ ተናገረች።

«እዚህ ጋ… ትንሿ ጣቴን ትንሽ ትይዘኛለች።»

«ተመስገን!» ብለው ጮኹ ጋሼ። ጫማውን ነጥቀው፣ በእናትየው ፎርማ ላይ ትንሿ ጣት ጋ ቁራጭ ቆዳ ለጥፈው፣ መልሰው ወጠሩት። ልጅቷ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። በዚያው ወር መጨረሻ እናቷ የትምህርት ቤቱን ባልዲ ለሌላ አስረክባ ወጣች።

ያ አፍ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ማን ይዝጋው! ሻዩ ቀዘቀዘ። ትራሱ ጠነከረ። ይቺ መስኮት ብርድ ታስገባለች። ጎረቤት በሩን ሲዘጋ ልቤን ያፈርሰዋል። ታላቅ እህቷ ለጥየቃ መጥታ «እናታችንን ምን አድርገሻት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየው እስከ ዕለተ ሞቷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አማረረች፤ የሃምሳ ዓመት የዝምታ ዕዳዋን ነበር የከፈለችው። ልጅቷም አንዱንም ሳትሰለች ትራሱን ትቀይራለች፣ መስኮቱ ላይ ጨርቅ ትወትፋለች።

አሁን አንቱታውን ልመልስ። እትዬ ሠላሳ ሰባት ከዚያ ቤት ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ጋሼ የሉም፤ ቤቱም የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ቤቱ ሲዘጋ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሠራተኞቹ ከግድግዳው የፈለጉትን እንዲወስዱ ሲነገራቸው እሳቸው የእናታቸውን ፎርማ ነው የወሰዱት። አልጋቸው አጠገብ መደርደሪያ ላይ ናት። በትንሿ ጣት በኩል የተለጠፈችው ቆዳ ጠርዟ ተነሥቷል እንጂ አልወደቀችም።

ትራሱ ለስላሳ ነው፣ መስኮቱም ብርድ አያስገባም። ቤቱ ጭር ብሏል። እትዬ ሠላሳ ሰባት አንዳንድ ቀን ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ፎርማዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ያቺን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጓትና ቀና ብለው፣ ማንም ወደሌለበት ወንበር እያዩ ይጠብቃሉ።

«እስቲ እማዬ» ይላሉ፣ «አንዴ ብቻ አማርሪኝ።»